«ቤትህ ሄደህ ተኛ» የተባለ ቤት የሌለው በሽተኛ

መቼም ታሞ የማያውቅ ሰው የለም። እስቲ ከሆስፒታል ወጥታችሁ ወደ ቤት የተመለሳችሁበትን ቀን አስታውሱት። እናት ወይም እህት አልጋውን አንጥፋ ትጠብቃለች። አጥሚቱ ተጥዶ ይንተከተካል። ጎረቤት «እግዜር ይማርህ» እያለ ብርቱካንና ሙዝ በፌስታል አንጠልጥሎ ይገባል። ኪኒን የሚዋጥበት ሰዓት ሲደርስ ደግሞ «ኧረ ውሰድ እንጂ!» ብሎ የሚቆጣ አይጠፋም። እኛ አገር እንዲህ ላለው ሰው ስም ወጥቶለታል፤ «አስታማሚ» እንለዋለን።

ለመሆኑ አስታማሚም፣ አልጋም፣ የሚዘጋ በርም የሌለው ሰው ከሆስፒታል ሲወጣ ወዴት ነው የሚሄደው? ውድ አንባብያን፣ የዛሬው ጨዋታችን በዚህ ላይ ነው።

ወረቀቱ ቤት አለህ ይላል

አንድ ሰው በሐሳባችን እንፍጠር። እንደ ዓምዳችን ልማድ ስም አንሰጠውም። ቀን መርካቶ ዕቃ ሲሸከም የሚውል፣ ማታ ሱቅ በረንዳ ላይ ካርቶን አንጥፎ የሚያድር የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ነው እንበል። አንድ ቀን መኪና ይገጨውና ቅልጥሙ ይሰበራል። መንገደኛ አፋፍሶ ሆስፒታል ያደርሰዋል። ሐኪሞቹ የሚገባቸውን ያደርጋሉ፤ አጥንቱ ይቃናል፣ ቁስሉ ይሰፋል፣ እግሩ በጄሶ ይታሰራል። ከጥቂት ቀናት በኋላ «ተሽሎሃል፣ መውጣት ትችላለህ» ይባላል። ሐኪሙ ጨካኝ ስለሆነ አይደለም። ኮሪደር ላይ ቃሬዛ ላይ ተጋድሞ ያችን አልጋ የሚጠብቅ ሌላ በሽተኛ ስላለ ነው።

ታዲያ ሲወጣ ምን ይባላል? «ጄሶውን ውሃ እንዳይነካው። እግርህን ከፍ አድርገህ ተኛ። መድኃኒቱን ምግብ በልተህ ውሰድ። ቁስሉን ጤና ጣቢያ እየሄድክ አስጠርግ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለስ።» ጥሩ ምክር ነው። ግን እያንዳንዷ ቃል ቤት ላለው ሰው የተጻፈች ናት!

ውሃ እንዳይነካው? ሐምሌ ነው፤ በረንዳው ያፈሳል። እግሩን ከፍ አድርጎ ይተኛ? ባለሱቁ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሱቁን ሲከፍት መነሳት አለበት። ምግብ በልቶ ይዋጥ? የሚበላው ተሸክሞ ሲያገኝ ነው፤ አሁን ደግሞ መሸከም አይችልም። ቁስሉን ለማስጠረግ ጤና ጣቢያ ለመድረስ በክራንች ስንት ሰዓት ይፈጅበታል? ቀጠሮውንስ ማን ያስታውሰዋል? የቀጠሮ ወረቀቷም ብትሆን ኪሱ ውስጥ ረጥባ ፊደሏ ጠፍቷል። ስለ ሽንት ቤቱ ጭራሽ ያሰበ የለም። በጄሶ የታሰረ እግር አይታጠፍምና ቁጢጥ ማለት አይቻልም። በዚህ ምክንያት ብቻ ውሃ መጠጣትና መብላት የሚቀንስ በሽተኛ ይኖራል።

እንግዲህ ውጤቱን መገመት አያቅትም። ቁስሉ ያመረቅዛል፣ ትኩሳቱ ይነሳል፣ ሰውየው ተመልሶ ድንገተኛ ክፍል ይገባል። አሁን ግን ነገሩ ከስብራት አልፎ «እግሩ ይቆረጥ ወይስ አይቆረጥ?» የሚል ክርክር ሆኗል። የመጀመሪያው ሕክምና፣ የሐኪሙ ድካምና የመድኃኒቱ ገንዘብ ሁሉ ሜዳ ላይ ቀረ።

ስብራትን ለምሳሌ አነሳን እንጂ ሌላውም ያው ነው። ስኳር በሽተኛው ኢንሱሊኑን ፀሐይ ላይ ይዞ ሲውል መድኃኒቱ ይበላሽበታል። የሳንባ ምች የያዘው ሲሚንቶ ላይ ይተኛል። ቀዶ ሕክምና የተደረገላት ሴት ስፌቷ ሳይደርቅ፣ ሌሊት የሚመጣባትን ሰው እየፈራች ዓይኗን ሳትከድን ታድራለች። የደከመ ሰውነት ደግሞ እንቅልፍ ካላገኘ አይጠግንም።

«አሜሪካን አገርማ…»

እንዲህ ያለው ጣጣ የድሃ አገር ብቻ ይመስለን ይሆናል። አይደለም! በሀብታሚቱ አሜሪካም በየከተማው ጎዳና የሚያድር ሰው ሞልቷል። እ.ኤ.አ. በ2006 ሎስ አንጀለስ ውስጥ አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት በሆስፒታል ጋውንና በነጠላ ጫማ ብቻ ቤት አልባዎች በሚበዙበት ሰፈር አስፋልት ላይ ግራ ተጋብተው ሲንከራተቱ ታዩ። ሆስፒታሉ በታክሲ ጭኖ የላካቸው ናቸው። የአንድ መጠለያ ካሜራ ቀርጿቸው ኖሮ ነገሩ በቴሌቪዥን ወጣ፣ አገር ጉድ አለ፣ ጉዳዩም ሕግ ፊት ቀረበ።

ይሁንና እዚያው አሜሪካ ውስጥ መላውን ቀደም ብለው የጀመሩት ነበሩ። ነገሩን «ሜዲካል ሬስፒት» ይሉታል። በእኛ አፍ «የማገገሚያ ማረፊያ» ብንለው ያስኬዳል። ሆስፒታል አይደለም፣ ተራ መጠለያም አይደለም። ሆስፒታል ለመተኛት የማያደርስ፣ ጎዳና ላይ ለመዋል ግን የማያስችል ሕመም ያለበት ቤት አልባ ሰው ለጊዜው የሚያርፍበት ቤት ነው። አንዳንዱ ጥቂት ቀን ይቆያል፤ አንዳንዱ ሳምንታት፣ ሲብስም ወራት። አልጋ አለ፣ ሦስት ጊዜ ምግብ አለ፣ ቁስል የሚያጥብ ነርስ አለ፣ መድኃኒት በሰዓቱ የሚሰጥ አለ፣ ቀጠሮ የሚያደርስ መኪና አለ። ባጭሩ ቤቱ ራሱ አስታማሚ ነው።

ዋሽንግተን ዲሲ ዘመድ ያላችሁ «ኮሎምቢያ ሮድ» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። አዳምስ ሞርጋን በሚባለው ሰፈር የሚያልፍ መንገድ ነው፤ በ1980ዎቹ የእኛ አገር ሰዎች ምግብ ቤት እየከፈቱ የተሰባሰቡበት ሰፈር። በዚሁ መንገድ ላይ እ.ኤ.አ. በ1985 ዓ.ም. በፈረንጆቹ ገና ዋዜማ «ክራይስት ሃውስ» የሚባል ቤት ተከፈተ። ከ30 በላይ አልጋ ያለው ሲሆን ሥራው ይኸው ነው፤ ታመው ጎዳና ላይ የወደቁትን አስገብቶ እስኪያገግሙ ማስታመም። ከመሥራቾቹ አንዷ የሆኑት ሐኪም ከነቤተሰባቸው እዚያው ሕንጻ ውስጥ ገብተው ይኖሩ ነበር። ሐኪም ከበሽተኛው ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ማለት እንዲህ ነው እንግዲህ!

በዚያው ዓመት ደግሞ ቦስተን ከተማ ላይ ሌላ ተጀመረ። ሁለት ትልልቅ የበጎ አድራጎት ተቋማት ለ19 የአሜሪካ ከተሞች የቤት አልባዎች ሕክምና ማስጀመሪያ ገንዘብ ሰጥተው ነበር፤ ቦስተን አንዷ ናት። የቦስተኖቹ ሰዎች በአንድ መጠለያ ውስጥ በ25 አልጋ ማገገሚያ ከፈቱ። እ.ኤ.አ. በ1993 ራሱን የቻለ ቤት ሆነ። ዛሬ 104 አልጋ አለው። የሚገኝበት ሕንጻ ቀድሞ የከተማዋ የአስከሬን ማቆያ ነበር አሉ፤ የሬሳው ቤት የማገገሚያ ቤት ሆነ ማለት ነው።

መጀመሪያ እግር ማጠብ

ከቦስተኑ ታሪክ ውስጥ ለእኛ ሰው በቶሎ የሚገባ አንድ ነገር አለ። ያኔ ሥራውን ለመጀመር የመጣው ሐኪም ገና ትምህርቱን ጨርሶ ከትልቅ ሆስፒታል የወጣ ወጣት ነበር። አንድ ዓመት አገልግሎ ወደ ሌላ ሥራው ሊሄድ ነበር ሐሳቡ። መጠለያው ውስጥ የሚሠሩት ነርሶች ግን «ቆይ፣ የደረት ማዳመጫህን አስቀምጥ» አሉትና የውሃ ሳፋ ሰጡት። ለሁለት ወር ያህል ሥራው ቤት አልባ ሰዎች በተቀመጡበት ዝቅ ብሎ እግራቸውን በሙቅ ውሃ መዘፍዘፍ ሆነ!

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ጎዳና የሚያድር ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጎዳው እግሩ ነው፤ ብርዱ፣ እርጥበቱ፣ ቀኑን ሙሉ መቆሙ። ከዚያ በላይ ደግሞ ሐኪም ሲያይ የሚሸሸው ሰው እግሩ እየታጠበ በዚያው ማውራት ይጀምራል። የት እንደሚያመው፣ ለምን ሆስፒታል እንደሚፈራ፣ መድኃኒቱን ማን እንደሰረቀው ይናገራል። እኛስ ብንሆን እንግዳ ሲመጣ እግር ማጠብ የአባቶቻችን ወግ አይደል? ወጣቱ ሐኪም በአንድ ዓመት ሊሄድ የመጣው ለአሥርት ዓመታት እዚያው ቀረ። ማገገሚያ ቤቱም ያን ያስተማሩትን የነርሶቹን አለቃ ስም ይዟል።

ውጤቱስ?

«ደግ ሥራ ነው፣ ግን ገንዘብ ይበላል» የሚል ሰው አይጠፋም። ቁጥሩ ግን ሌላ ነው የሚናገረው። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ የቺካጎ ጥናት 225 ቤት አልባ በሽተኞችን ተከታትሏል። ከሆስፒታል ወደ ማገገሚያ የገቡት በቀጣዩ አንድ ዓመት ውስጥ በአማካይ 3.7 ቀን ሆስፒታል ሲተኙ፣ አልጋ ጠፍቶ ያልገቡት 8.1 ቀን ተኝተዋል። በ2009 የወጣው የቦስተን ጥናት ደግሞ ወደ ማገገሚያ የተላኩት በ90 ቀን ውስጥ ተመልሰው የመተኛት ዕድላቸው፣ ወደ ጎዳናና ወደ መጠለያ ከተሰናበቱት በግማሽ ገደማ ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። የሆስፒታል አልጋ ደግሞ ከማገገሚያ አልጋ እጅግ የሚወደድ ነው። ስለዚህ ደግነቱ ቢቀር እንኳ ሒሳቡ ያዋጣል።

ካሊፎርኒያ ከዚያ ሁሉ ጉድ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2018 ሕግ አወጣች። ሆስፒታል ቤት አልባ በሽተኛ ሲያሰናብት አብልቶ፣ ለአየሩ የሚሆን ልብስ አልብሶ፣ መድኃኒቱን አመቻችቶ፣ መጓጓዣ አዘጋጅቶ፣ የት እንደሚሄድም አስቀድሞ ተነጋግሮ መሆን አለበት። ዛሬ በመላው አሜሪካ ከመቶ በላይ ማገገሚያ ቤቶች አሉ።

ሁሉም ነገር ተሳክቷል ማለት ግን አይደለም። አልጋው ሁልጊዜ ከበሽተኛው ያንሳል። ብዙው ቤት በጣት የሚቆጠር አልጋ ያለው ነው። ካገገሙ በኋላም መኖሪያ ካልተገኘ ወደዚያው ጎዳና የሚመለሱ አሉ። ማገገሚያ ቤት ቤት አይሆንም፤ በሕይወት ለመቆየት የሚሰጥ ፋታ ነው።

እኛስ ዘንድ?

አዲስ አበባ ውስጥ ለወደቀ ሰው የሚደርስ የለም ብለን አናማም። ስድስት ኪሎ ያለው የማዘር ቴሬዛ ቤት ስንቱን ከጎዳና አንስቶ አስታሟል። በ2002 ዓ.ም. የተቋቋመው መቄዶንያ ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ይዟል። ጠበል ቦታዎችም ከጥንት ጀምሮ ለብዙ በሽተኛ ማረፊያ ናቸው። ግን የእኛ የመርካቶው ተሸካሚ አረጋዊ አይደለም፣ የአእምሮ ሕመምተኛም አይደለም። ጉልበት ያለው፣ ሠርቶ የሚያድር ሰው ነው። የሚፈልገው ስድስት ወይም ስምንት ሳምንት የሚተኛበት ደረቅ ቦታ ብቻ ነው። ያንን ካገኘ ተነስቶ ወደ ሥራው ይሄዳል፤ ካላገኘ ዕድሜ ልኩን አካል ጉዳተኛ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ያቺን አጭር ጊዜ የሚሸፍነው ማን ነው? ነጻ የሕክምና ወረቀት ለማውጣት እንኳ ወረዳ ሲኬድ መታወቂያ ይጠየቃል፤ በረንዳ የሚያድር ሰው ደግሞ የቤት ቁጥር የለውም።

አንድ ደንቅ የሚለኝ ነገር አለ። ጎዳና ላይ አንድ ሰው ሲሞት የሰፈር ሰው ጨርቅ አንጥፎ የከፈን ያዋጣል። ማንም «አላውቀውም» ብሎ አያልፍም። መቶም ሃምሳም ይጥላል፣ ሰውየው በወግ ይቀበራል። የሚያኮራ ባህል ነው። ግን ያ ሰው ከመሞቱ በፊት ከሆስፒታል ወጥቶ እዚያው በረንዳ ላይ እየተንቀጠቀጠ ሳምንት ሰንብቶ ሊሆን ይችላል እኮ! ያኔ ማንም ጨርቅ አላነጠፈለትም። ለሬሳው የምናዋጣውን ትንሽ ቀደም ብለን ለአጥሚቱ ብናዋጣው ምን ነበረበት? እድሮቻችን ድንኳን፣ ወንበር፣ ድስት፣ ብርድ ልብስም ያላቸው አሉ። አንዳንዶቹማ ቤትም አላቸው። አንዲት ክፍል፣ ሁለት አልጋ፣ በተራ የምታበስል ጎረቤት፣ ከጤና ጣቢያ አልፎ አልፎ ብቅ የምትል ነርስ… የቦስተኑም ቢሆን ከመጠለያ ጥግ ነው የተነሳው።

እስከዚያው ምን እናድርግ?

ማገገሚያ ቤት እስኪከፈት ድረስ በሰፈራችሁ ከሆስፒታል የወጣ ጎዳና አዳሪ ካጋጠማችሁ የሚከተሉትን ልብ በሉ።

አንደኛ፦ ከመውጣቱ በፊት ካወቃችሁ ለሐኪሙ ወይም ለነርሷ «ይህ ሰው የሚያድረው ጎዳና ነው» ብላችሁ ንገሩ። በሽተኛው አፍሮ የድሮ ሰፈሩን ስም ተናግሮ ሊሆን ይችላል። ሆስፒታሉ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ ካለው እንዲያነጋግረው ጠይቁ። «ዛሬ ማታ የት ታድራለህ?» የምትል አንዲት ጥያቄ ከብዙ ምርመራ ትበልጣለች።

ሁለተኛ፦ ወረቀቶቹን ጠብቁለት። የካርዱን፣ የማዘዣውንና የቀጠሮውን ፎቶ በስልካችሁ አንሱ፤ ዋናውን በፌስታል ጠቅልላችሁ ስጡት። የቀጠሮው ቀን ሲደርስ አስታውሱት።

ሦስተኛ፦ መድኃኒቱን የሚታመን ባለሱቅ ወይም ዘበኛ ያስቀምጥለት፤ በሰዓቱም ይስጠው። ኢንሱሊን ከሆነ ፍሪጅ ያለው ቢሆን ይመረጣል፤ በረዶ ቤቱ ውስጥ ግን አይግባ። ፍሪጅ ከሌለ ፀሐይ የማያገኘው ቀዝቃዛ ቦታ፣ ለምሳሌ የሸክላ ዕቃ ውስጥ፣ ይቀመጥ። የቲቢ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነጻ ነው የሚሰጠው፤ ሳል ቢተወውም እንዳያቋርጥ ምከሩት።

አራተኛ፦ ከመሬት ከፍ ያለና ደረቅ መኝታ ፈልጉለት። ሲሚንቶ ላይ ካርቶን ብቻ አይበቃም፤ አሮጌ ፍራሽ ወይም ከሥሩ ጣውላ ይኑር። ካፌ ያላችሁ ደግሞ ሽንት ቤታችሁን አትንፈጉት።

አምስተኛ፦ ቁስል ላይ ቡና፣ አመድ ወይም ቅቤ አታድርጉ። ንጹሕና ደረቅ ሆኖ ጤና ጣቢያ ይታይ። የሚቀመስ ስትሰጡ ሾርባ፣ እንቁላል፣ ሽሮ፣ አጥሚት ይሁን፤ ቁስል የሚሽረው ሰውነት ሲያገኝ ነው።

ስድስተኛ፦ እነዚህን ምልክቶች ካያችሁ ነገ ዛሬ አትበሉ፦ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት፣ ከቁስሉ መግል ወይም መጥፎ ሽታ፣ ትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ውጋት፣ መቃዠት፣ አንድ እግር ለይቶ ማበጥ፣ በጄሶ የታሰረው እግር ጣቶች መጥቆር፣ መቀዝቀዝ ወይም መደንዘዝ። ወዲያው ወደ ሆስፒታል ውሰዱት፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው።

ሰባተኛ፦ ከሁሉም በፊት ጠይቁት። ቤት የለውም ማለት ፈቃድ የለውም ማለት አይደለም። «ምን ላምጣልህ?» ብሎ መጀመር ነው ወጉ። በዕድሜ ከገፋም «አባባ»፣ «እማማ» ማለት ምንም አያስከፍልም።

ይህን ሁሉ አንድ ሰው ብቻውን ይሥራው አንልም፤ አይችለውምም። አምስት ጎረቤት ቢካፈለው ግን አንዱ ምሳ፣ አንዱ መድኃኒት፣ አንዱ ቀጠሮ እያለ ሳይከብድ ያልፋል። የፊታችን የእድር ስብሰባ ላይ ሲደርሱ «ሌላ የምትሉት ነገር አለ?» ሲባል እጅዎን አውጥተው ይቺን ሐሳብ ጣል ያድርጓት።

ለዛሬው በዚሁ ይብቃን። ቸር ይግጠመን!